ወደ ቁልቢ የሚያወጡ ኮረብቶች፦ ደካማም ሕፃንም የሚሄድባቸው መንገዶች

ድሬዳዋ የተወለደችው በተራሮች ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ከተማ እንዲደርስ ነበር። ይሁን እንጂ ከሜዳው ድንገት ተነሥቶ እንደ ግንብ የሚቆመውን የሐረርጌን ደጋ መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በዚያም በደጫቱ ወንዝ ዳር፣ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። ባቡሩን ያገደው ተራራ ግን ምእመናንን አላገደም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ሲቃረብ፣ ነጠላውን ያጣፋ፣ በትሩን የያዘ፣ ስለቱን በጉያው የሸጎጠ ሕዝብ ይኸንኑ ዳገት ተያይዞ ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ሲጎርፍ ይታያል።

እንደሚታወቀው የታኅሣሡ በዓል ሦስቱ ወጣቶች አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶነ እሳት የዳኑበት፣ የሐምሌው ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውሃ የወጡበት መታሰቢያ ነው። የቁልቢ ደብር ታሪክ ከልዑል ራስ መኮንን ስም ጋር የተያያዘ ነው። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ በዘመቱ ጊዜ ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። እርሳቸውም በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ታመው ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው።

ከድሬዳዋ ቁልቢ በመኪና መንገድ 68 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ጉልበት ያለው ወጣት ይህን ሁሉ በእግሩ ይዘልቀዋል። ጉልበት የከዳው ሰውስ ምን ያድርግ?

ይህን ጥያቄ ያነሣሡብን ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሡ በዓል ዋዜማ አብረናቸው የተጓዝን አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው። «ልጄ ከታመመበት ቢነሣልኝ ከደጄ እስከ ደጁ በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄ ዳነ፤ ጉልበቴ ግን ዐረጀ። ስለቴን ሳልከፍል እንዳልሞት እፈራለሁ» አሉን። ጭንቀታቸውን ለንስሐ አባታቸው በነገሯቸው ጊዜም፣ «እናቴ፣ የሚችሉትን በእግርዎ ይሂዱ፤ የማይችሉትን መኪና ያድርስዎ። መልአኩ የልብዎን ያውቃል» ብለው መንገዱን ከፋፍለው ሰጧቸው። እኛም ያንኑ አካሄድ ተከትለን፣ ለአረጋውያን፣ ሕፃን ለያዙ እናቶችና ከሕመም ለተነሡ ወገኖች የሚስማማውን የእግር መንገድ ለአንባብያን ለማመልከት ወደድን።

የመጀመሪያው መንገድ በከተማዋ ውስጥ ያለው ነው። የከዚራ ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ጎዳናዎች ዳገት አያውቁም። ሰው ከደጁ ተነሥቶ፣ በመንገዱ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ እስከ ከተማው ዳርቻ ቢሄድ፣ «ከደጄ» ያለውን ፈጸመ ማለት ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ ከረፈደ በኋላ ምሕረት ስለሌላት፣ ጉዞው ገና ጎሕ ሲቀድ መጀመር ይኖርበታል።

በዚሁ አቅጣጫ፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደጫቱ ወንዝ በላይ በገራድ ኤረር ኮረብታ ላይ በፈረንሳይኛ ስሙ «ፖርክ ኤፒክ» የሚባለው ዋሻ ይገኛል፤ ትርጉሙ «ጃርት» ማለት ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በተመራማሪዎች ዘንድ ከታወቀ ወዲህ በተደረጉት ቁፋሮዎች፣ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙበት ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ተገኝቷል። ዋሻው ከወንዙ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ መውጣቱ ለደካማ አይሆንም። ይሁንና ከታች ሆኖ ኮረብታውን መመልከት፣ በዚህ ምድር የሰው እግር ምን ያህል ዘመን እንደተመላለሰ ያስገነዝባል።

ከከተማው ዳርቻ እስከ ደንገጎ ያለው ዳገት እጅግ ጠመዝማዛና ቀጥ ያለ ነው። ይህን ክፍል ለመኪና መተው ይበጃል። ያን ዕለት የጫነን የታክሲ ሾፌር አረጋዊቷን ባየ ጊዜ፣ «አቦ እማማ፣ ከፊት ይግቡ! ከላይ ሲደርሱ እንደ ልብዎ ይራመዳሉ» ብሎ ሳቅ አሰኝቶናል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ግራ ሐረር፣ ወደ ቀኝ ቁልቢ። አየሩም ወዲያው ይለወጣል፤ ከታች ያቃጠለው ሙቀት ቀርቶ ጋቢ የሚያስደርብ ነፋስ ይቀበላል።

ሁለተኛው የእግር መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከደንገጎ በኋላ አስፋልቱ ወጣ ገባ ቢልም የደጋውን ጀርባ ይዞ ስለሚሄድ፣ ከታች እንደነበረው አያደክምም። በግራ ቀኝ እርከን የተሠራላቸው የጫትና የማሽላ ማሳዎች ይታያሉ። ቀርሳ፣ ወተርና ላንጌን የመሳሰሉት ከተሞች በዚሁ በቀርሳ ወረዳ ስለሚገኙ፣ ውሃና ማረፊያ አይታጣም። ሙስሊሙ የአካባቢው ገበሬም ለመንገደኛው ውሃ ሲያቀርብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለአረጋዊቷ እናት ጥቂት ኪሎ ሜትር በቅቷቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደገና በመኪና ተሳፈሩ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ከዋናው አስፋልት ተነጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ የሚያወጣው መንገድ ነው። በበዓሉ ቀን ይህ መንገድ ጥላና ሻማ በያዙ፣ ድንጋይ በተሸከሙ፣ በስለት ያገኙትን ልጅ ክርስትና ለማስነሣት በታቀፉ ሰዎች ይሞላል። ስለዚህ ደካማ ሰው በዋዜማው ቀን ሳይመሽ ቢደርስ ከግፊያው ይድናል። አረጋዊቷ በየጥቂቱ እያረፉ ወጡት። ጉልላቱ ብቅ ሲል ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ፤ «ከደጄ እስከ ደጁ» ሲሉም ሰማናቸው። ማንም አልመለሰላቸውም፤ መልስም አላስፈለጋቸውም።

ጉዞው ከሚጠይቃቸው ጥንቃቄዎች ዋናዎቹን እናስታውስ። የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፣ ቆሎ፣ በሶና በቂ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር አስቀድመው ይመካከሩ። በቁልቢ ሌሊቱ ብርዳም ነውና ወፍራም ልብስ አይረሳ። በአስፋልት ላይ የሚጓዝ ሰው ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና ማየት እንዲችል የግራውን ጠርዝ ይያዝ፤ ሕፃናት ከመኪናው ራቅ ብለው ከውስጥ በኩል ይሂዱ።

በሐምሌ ግን ከሁሉ የሚብሰው ጎርፍ ነው። ደጫቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ ከተማዋ ሰማይዋ ጠርቶ ሳለ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ከሐምሌው በዓል ዐሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ስለዚህ በክረምት በወንዙ አሸዋ ላይ መሄድም ሆነ ማረፍ ፈጽሞ አይገባም። ያን ጎርፍ ያበረታውም አንዱ ነገር የኮረብቶቹ መራቆት ነው። ዛፍ በሌለበት ቁልቁለት ላይ የወረደ ዝናብ የሚይዘው ስለሌለ በአንድ ጊዜ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ተሳላሚው ለማገዶ ቅርንጫፍ ባይሰብር፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱንም በየቦዩ ባይጥል፣ ለመልአኩ ደጅም ለድሬዳዋ ሕዝብም ውለታ ዋለ ማለት ነው።

ከዓመት በኋላ አረጋዊቷን ስንጠይቃቸው፣ በዚያው መንገድ ደግመው ሊሄዱ ተዘጋጅተው አገኘናቸው። አሁን የሚሄዱት ስለት ኖሮባቸው አይደለም፤ «ለምስጋና ነው» አሉን። በዘንድሮው በዓልም አቅማቸውን ፈርተው በቤት ሊቀሩ ያሰቡ እናቶችና አባቶች ቢኖሩ፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው የሚችሉትን ያህል ያራምዷቸው ዘንድ አደራ እንላለን።