ያውቁ ኖሯል? «ሥራ የላትም» የተባለችው ሴት

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአይስላንድ ሴቶች አንድ ቀን ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው እንደዋሉ ያውቁ ኖሯል? ዕለቱ ዓርብ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ነበር። ከመቶው ዘጠናዎቹ ቢሮ አልገቡም፣ ምግብ አላበሰሉም፣ ልጅ አልያዙም። «አድማ» ቢሉት ከሥራ መባረር ሊመጣ ስለሚችል «የዕረፍት ቀን» አሉት። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የዓሣ ፋብሪካዎች ቆሙ። አባቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ሥራ ገቡ፤ አሠሪዎችም ማባበያ ከረሜላና እርሳስ ገዝተው ጠበቋቸው። ቋሊማ ለመቀቀል አያስቸግርምና ከየሱቁ ተሟጦ አለቀ። ወንዶቹ ያንን ቀን «ረጅሙ ዓርብ» ብለው ጠሩት። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1980፣ አይስላንዳውያን ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን መረጡ፤ በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት የሆኑ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ሆቴል ውስጥ የተጋገረ እንጀራ በአገር ምርት ውስጥ ሲቆጠር ቤት የተጋገረው እንደማይቆጠርስ? ሊጡን ያቦካችው፣ አብሲት የጣለችው፣ ጭሱ ዓይኗን እየለበለባት ምጣዱን በአክንባሎ የከደነችው ያቺው አንዲት ሴት ልትሆን ትችላለች። ደመወዝ ስትቀበልበት ሠራተኛ ናት፤ ለልጆቿ ስትጋግር ግን ከሂሳቡ ውጭ ናት። ኒውዚላንዳዊቷ ማሪሊን ዋሪንግ ይህንን አቆጣጠር በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ፊት ለፊት ሞገቱት።

ይህ ያልተከፈለበት ድካም ምን ያህል ነው? የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 የ64 አገሮችን መረጃ ይዞ ሲያሰላ በቀን 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ሆነ። 2 ቢሊዮን ሰዎች በየቀኑ ስምንት ስምንት ሰዓት ያለ ደመወዝ እንደመሥራት ነው። ከአራት እጅ ሦስቱን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን የሚያነሳው የሴቶች ጥናት ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በ1970፣ በሳንዲዬጎ ስቴት ነው። ገና የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላውም።

ስንቶቻችን ነን በትምህርት ቤት ፎርም ላይ «የእናት ሥራ» ለሚለው «የለም» ብለን የሞላነው? የሃርቫርዷ ክላውዲያ ጎልዲን 200 ዓመት ወደ ኋላ የአሜሪካን መዛግብት ሲያገላብጡ ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው፦ ያገባች ሴት ሥራ በሚጻፍበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የሰፈረው «ሚስት» የሚል ቃል ብቻ ነበር። እርሻ ላይ ከባሏ ጋር ስትደክም ብትውልም፣ የቤተሰቡን ንግድ ብታካሂድም ያው «ሚስት» ናት። ጎልዲን ሌሎች ሰነዶችን አፈላልገው ሂሳቡን እንደገና ሠሩት፤ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሠራተኛ የነበሩት ባለትዳር ሴቶች ከተመዘገበው ቁጥር እጅግ እንደሚበልጡም አሳዩ። በ2023 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከማንም ሳይጋሩ፣ ብቻቸውን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።