በጣት የሚነበብ የሒሳብ መዝገብ

በጎጃም የቅኔ ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ የመምህሩን ቃል በጆሮው ተቀብሎ፣ ቅኔውን በልቡ አዘጋጅቶና በቃሉ አሰምቶ ለሊቅነት መብቃት እንደሚችል ለአገሬው አዲስ ነገር አይደለም። የንግድ ሥራ ግን በቃል ብቻ አይፈጸምም፤ ደረሰኝ፣ ኢንቮይስና የዕቃ መዝገብ ቁጥር በቁጥር መመርመር አለባቸው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስም ሆነ በአካባቢው ዓይነ ስውር የሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጥር ነጋዴ ስለ ሁለት መሣሪያዎች ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛው የስክሪን አንባቢ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚናገር ፕሮግራም ነው። በአውስትራሊያ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል። ሁለተኛው የብሬይል ማሳያ ሲሆን፣ ጽሑፉን በሚነሡና በሚወርዱ ነጥቦች ለጣት ያቀርባል። ጆሮ ቁጥርን አንድ ጊዜ ሰምቶ ያሳልፋል፤ ጣት ግን ተመልሶ ይዳስሳል። 120 በ210 ፋንታ እንዳይመዘገብ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ማሳያው ተገዝቶ ሳይስተካከል ከቀረ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። በመጀመሪያ በኤንቪዲኤ የብሬይል ክፍል ውስጥ የሚገኘው የመተርጎሚያ ሠንጠረዥ መመረጥ አለበት። ሠንጠረዡ በእንግሊዝኛ ላይ ከቀረ የአማርኛው ፊደል በትክክል አይወጣም፤ ለአማርኛ መዝገብ የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ፣ ለእንግሊዝኛ ኢንቮይስ ደግሞ የእንግሊዝኛው ይመረጣል። ለየፕሮግራሙ የተለየ ቅንብር መመደብም ስለሚቻል በየጊዜው መቀያየር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቦታ ስፋት ነው። በአማርኛ ብሬይል ሳድስ ፊደል በአንድ ሕዋስ ሲጻፍ፣ ሌላው ፊደል ግን አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ ሁለት ሕዋስ ይፈልጋል፤ ከቁጥርም በፊት የቁጥር ምልክት ይቀድማል። ስለዚህ «ጤፍ 120 ኩንታል» የሚለው በጽሑፍ ከነክፍተቱ 11 ቦታ ሲይዝ፣ በብሬይል 15 ሕዋስ ይይዛል። 40 ሕዋስ ያለው ማሳያ ከዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ሁለት ያህል ይይዛል። ቃልን ላለመቁረጥ የሚያዝዘው ምርጫ ቢበራ ንባቡ ይቀላል።

ሦስተኛው፣ ማሳያው ሠራተኛው የሚሠራበትን የሠንጠረዥ ክፍል እንዲከተል ማድረግ፣ የጠቋሚውን ብልጭታ ማጥፋትና መልእክት በማሳያው ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ለአንባቢው ፍጥነት ማስማማት ነው። ከየሕዋሱ አጠገብ ያለው ቁልፍ ሲጫኑት ጠቋሚው ወደዚያው ፊደል ስለሚሄድ፣ የተሳሳተች አንዲት አኃዝ ወዲያው ትታረማለች።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያዝዛል። ነጋዴውም ለማሳያው ዋጋ ከመክፈሉ በፊት ሠራተኛው ራሱ አንድ የአማርኛ ደረሰኝና አንድ የእንግሊዝኛ ኢንቮይስ በማሳያው ላይ አንብቦ፣ አንድ ቁጥር አርሞ እንዲያሳየው ያድርግ። ዕቃው መመዘን ያለበት በዚህ ሚዛን ነው።