የአያት ድምፅ በቤት ውስጥ ሲቀረጽ

በብዙ የከተማ ቤቶች የአያት ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ድምፃቸው ግን የለም። ልጅ አዝለው እሹሩሩ ያሉ፣ ማታ ማታ ተረት ያወሩ፣ የትውልድ ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የነበሩ እናቶች ሲያልፉ ዜማቸውም ቃላቸውም አብሯቸው ይቀበራል። «ምነው በቀረጽናቸው ኖሮ» የሚባለውም ከለቅሶ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ቅርስ ለማዳን ስቱዲዮ መከራየት ግዴታ አይደለም። በእጅ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀርጻል። በኮምፒዩተር ለመቅረጽና ለማስተካከል የሚያገለግለው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ስለሆነም የድምፅ ቀረጻ ሠራተኛዋ እናት ከሥራ መልስ በትንሽ በትንሹ እየሞከረች ራሷን ልታስተምረው የምትችል ሙያ ሆኗል።

ቤት ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ዋጋ እንደሌለው የሚገምቱ አይጠፉም። የፒያኖ ተጫዋቿና የዜማ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ፒያኖ እየመቱ የዘፈኗቸውን ዜማዎች በቴፕ ቀርጸው አስቀምጠው ነበር። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በማግሥቱ ዓመት ዜማዎቹ «ሱቬኒርስ» በሚል ርዕስ ለአድማጭ ቀረቡ። በቀረጻው ውስጥ ከመስኮት ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። ሆኖም ዋናው ነገር፣ ማለትም ድምፃቸው፣ ተርፏል።

ክፍሉን ማዘጋጀት

ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘባቸውን በመጀመሪያ ማይክሮፎን ላይ ያውላሉ። ይሁን እንጂ ቀረጻን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ክፍሉ ነው። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፅን መልሰው ስለሚያስተጋቡ ቃሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። መድኃኒቱም በቤት ውስጥ ይገኛል። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ከተናጋሪዋ ጀርባና ጎን ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ይበቃል። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ተከፍቶ ከፊቱ ቢቀረጽም መልካም ነው።

ቀጥሎ ጸጥታ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለጥቂት ጊዜ ይነቀል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ መሰካት እንዳይረሳ። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በሚወርድበት ሰዓት ባይሞከር ይሻላል። ቆራሌው በደጅ ሲጮህ ማቆምና እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

ርቀትና መጠን

ማይክሮፎኑ ወይም ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከትንፋሹ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጥ። አለበለዚያ «ጰ» እና «ፐ» በተባሉ ቁጥር የትንፋሹ ግፊት እንደ ምት ይሰማል።

የድምፁ መጠን በፕሮግራሙ መስኮት ላይ በዲሲቤል ይታያል። በዚያ መለኪያ ዜሮ ጣሪያ ነው። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዲሲቤል ላይ ቢውል ቦታ ይተርፋል። ጣሪያውን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና ኋላ ተመልሶ በሚገባ አይጠገንም። ዝግ ብሎ የተቀረጸ ግን በኋላ ከፍ ሊደረግ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት 10 ሰከንድ ያህል ማንም ሳይናገር ባዶው ክፍል ይቀረጽ፤ ይህ ጸጥታ ለጽዳቱ ሥራ ይጠቅማል።

ማጽዳትና ማቀናበር

ማቀናበር ወጥ እንደ መሥራት ነው፤ ጨው ከበዛ በኋላ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ምንጊዜም ዋናው ቀረጻ ሳይነካ ይቀመጥና ሥራው በግልባጩ ላይ ይካሄድ። በመጀመሪያ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው የመኪናና የሞተር ጉምጉምታ ይቆረጥ፤ የሰው ንግግር በአመዛኙ ከዚያ በላይ ስለሆነ ድምፁ አይጎዳም። ከዚያም ፕሮግራሙ የባዶውን ክፍል ድምፅ ናሙና ወስዶ ሹክሹክታውን እንዲቀንስ ይደረጋል። ይህ ሲበዛ ግን ድምፁ የቆርቆሮ ቃና ስለሚያመጣ በልክ መሆን አለበት።

ልጅ ከአያቷ ዜማ ጋር ክራር ልትመታ ብትፈልግ፣ የአያቷን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ክራሩን በሌላ መስመር ትቅረጽ። ሁለቱ መስመሮች ለየብቻ ከፍና ዝቅ ይደረጋሉ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቃሉ ካልተሰማ ክራሩ ይቀነስ። የተጠናቀቀውን ሥራ በጆሮ ማዳመጫም፣ በስልክም፣ በቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያም ማድመጥ ያሻል፤ በአንዱ ያማረው በሌላው ሊደፈን ይችላልና።

ጆሮም ዕረፍት ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዲሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። በዝግታ እየሰሙ ማቀናበር ለጆሮም ለሥራውም ይበጃል።

ፈቃድና ጥበቃ

አያትን በድብቅ መቅረጽ ተገቢ አይደለም። መቅረጫው መከፈቱን ማስታወቅ፣ ከዚያም ቡናው እየተፈላ በጨዋታ መጀመር ነው። «ዘፈን ይዝፈኑልን» ከማለት ይልቅ «እማማ፣ እናታችንን ሲያስተኙ ምን ይሏት ነበር?» ቢባል ዜማው ራሱ ይመጣል። የቤተሰብ ምስጢር ከተነገረም ያለ እርሳቸው ፈቃድ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ሊወጣ አይገባም።

በዋቭ ዓይነት የተቀመጠ ድምፅ በአንድ መስመር ለ1 ደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራልም። ስለዚህ ሦስት ግልባጭ ይኑር፤ አንዱም በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በየቤቱ የቀሩ የካሴት ክሮችም ቴፑ እየሠራ ሳለ በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው ይገልበጡ።

በመጨረሻም፣ ይህ ሥራ ጊዜ ይጠይቃል። እናት ከቢሮ ተመልሳ ምሳ ዕቃ አጥባ፣ ራት አቅርባ፣ ልጅ አስተኝታ የምትተርፋት ሰዓት ጥቂት ናት። አባት ራቱን ቢያቀርብ፣ ልጆች ዕቃውን ቢያጥቡ በሳምንት አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ይገኛል። አያት ሁልጊዜ አይኖሩም፤ ያቺ ሰዓት ግን በዚህ ሳምንት ልትገኝ ትችላለች።