«ከመቶ ሦስቱ ውስጥ የለሁበትም፤ አበቃልኝ!»

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጊዜው የመስከረም 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ነበር። እኔ ሰቆጣ ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ፤ የደወለው ደሴ አክስታችን ቤት ሆኖ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ነው።

«እታለም፣ ወደቅሁ። ከመቶ ሦስቱ ውስጥ የለሁበትም፤ አበቃልኝ!» አለና ዝም አለ። ቆይቶ ደግሞ ልቤን ያቆመውን ነገር ተናገረ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በባቲ አድርገው ሎግያ፣ ከሎግያ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ሳውዲ ሊገቡ ነው። ከደላላው ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። የሚነሡት ቅዳሜ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? «ተው፣ በረሃ ይበላሃል» ማለት ቀላል ነው። «ታዲያ ምን ልሁን?» ሲል ግን መልስ ያስፈልጋል።

እርግጥ የዚያን ዓመቱ ውጤት ያልደነገጠ ቤት አልነበረም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። የቀረው ከ800 ሺህ በላይ ወጣት ሁሉ አበቃለት ማለት ነው? እኔ ራሴ «ያበቃላት» ነበርኩ። ስለዚህ ምክሩን ትቼ ታሪኬን ነገርኩት።

በ2000 ዓ.ም. 10ኛ ክፍልን ስጨርስ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ አላገኘሁም። በዚያ ዘመን «10 ሲደመር 3» የሚባል የመምህራን ሥልጠና ነበር፤ ደሴ ወርጄ ገባሁ። ጎረቤቶቻችን እናቴን «አይዞሽ፣ መምህርነቱም እንጀራ ነው» ይሏት ነበር። አነጋገራቸው ለቅሶ የሚደርሱ ነው የሚመስለው! በ2003 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩት ከሰቆጣ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ የሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። መብራት የለም፤ ውሃው ከወንዝ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እያለቀስኩ አደርኩ።

አንድ ልጅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም። እኔም ሰነፍ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ግን ከአያቴ በለቀምኳት ኽምጥኛ ያንኑ ጥያቄ ብጠይቀው ሳይተነፍስ መልሱን ዘረገፈው! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ነው መምህር የሆንኩት እንጂ በተመረቅሁበት ቀን አይደለም።

ቢሆንም በዲፕሎማ መቅረት አልፈለግሁም። በክረምት ትምህርት ወደ ዲግሪ ላሻሽል ተነሣሁ። ሰው ሁሉ በክረምት ሲያርፍ እኔ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ በጭቃ መንገድ፣ ስንቄን ቋጥሬ እወጣለሁ። አራት ክረምት እንዲህ አለፈ። በመጀመሪያው ምዝገባ ቀን «ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ አልደረሰም» ተብዬ ከመስኮቱ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ተለማምጬ በውለታ ተመዘገብኩ። በዲፕሎማ ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሦስቱን ደግሞ «አይያዝልሽም፣ ድገሚ» አሉኝ። አስቀድሜ ባለመጠየቄ ጊዜዬም ገንዘቤም ሄደ። ቢሆንም ዲግሪዬን ይዤ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ እኔስ በምን ልጀምር?» አለኝ። የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የድሮውን ወሬ አትመኑ። በእኔ ጊዜ ከ10ኛ ክፍል ይገባ ነበር፤ አሁን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፣ የሚገባውም 12ኛን የጨረሰ ነው። የመግቢያ ነጥቡና ፈተናው ስለሚለዋወጥ የዓመቱን ማስታወቂያ ከኮሌጁ ሰሌዳ ላይ አንብቡ። ሰቆጣ ዛሬ የራሷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ደሴም ወልድያም አላቸው።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ዓይነት ስትመርጡ ዲፕሎማውን ብቻ አትዩ። ነገ በዲግሪ ልትቀጥሉበት የምትፈልጉት ትምህርት ከእሱ ጋር ይገናኛል? የትኛው ኮርስ ይያዝላችኋል? ከመግባታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ለዚያ የትምህርት ዘርፍ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

ሦስተኛ፣ ዲግሪው የመማሪያ ክፍያ በመክፈል ብቻ አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። በክረምት ተምሬ ልለፈው የምትል መምህርት ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ መግለጥ አለባት።

አራተኛ፣ ወረቀታችሁን እንደ ዓይናችሁ ጠብቁ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ ሲደርስ እኔ ይዤ የወጣሁት አንድ ቅያሪ ልብስና በፌስታል የጠቀለልኩትን ዲፕሎማና ዲግሪዬን ነው። ያን ያላደረጉ የሥራ ባልደረቦቼ እንደገና ማስረጃ ለማውጣት ስንት ደጅ ጠኑ! ኮፒውን ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ።

አምስተኛ፣ ይህ ለወዳጆች ነው። እጮኛችሁ «አስተማሪ ምን አለው?» ካለች ወይም ካለ አትደባበቁ። ደሞዙ ትንሽ መሆኑን፣ ምደባው ገጠር ሊሆን እንደሚችል፣ ክረምቱም በትምህርት እንደሚያልፍ ከመጋባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኔን ያገባኝ ሰው ሁለተኛውን ክረምት ስንቄን ራሱ ነው የቋጠረልኝ። ከእሱ በፊት የነበረው ግን «ዲፕሎማ ብቻ?» ብሎ ሄዷል። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት!

ወንድሜ ያን ሌሊት «እሺ» አላለኝም። «ላስብበት» ብሎ ዘጋው። እኔም እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ቅዳሜ ጠዋት አክስታችን ደወለችና «ሻንጣውን ፈትቶ ልብሱን እያጠበ ነው» ስትለኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አብረውት ሊሄዱ ከነበሩት አንዱ ሄዷል። እናቱ እስከዛሬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትሮጣለች።

ወንድሜ አሁን የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነው። በቅርቡ ለልምምድ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር እግሩ እንደተንቀጠቀጠ፣ ጠመኔውም ሁለት ጊዜ ከእጁ እንደወደቀ ነገረኝ። «እታለም፣ ሥልሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ሲያይህ እንዴት ያስፈራል!» አለኝ። ሳቅሁበት።

«ሥልሳው ይቅርብህ፤ ዝም የሚለውን አንዱን ልጅ ፈልገው» አልኩት።