መመለሻውን የሚያውቅ ነፋስ

የወላይታ ሶዶ ከተማ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ተራራው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል መሬቱ ቁልቁል እየወረደ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የአባያ ሐይቅ ይደርሳል። እንዲህ ባለ አገር ነፋስ ሜዳ ላይ እንደሚነፍስ አይነፍስም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዋዥቃል። ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ይህን መዋዠቅ ነው። ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉበት፤ የስበት ሞገድና የአየር ነውጥ።

ከሞገዱ እንጀምር። አየር 100 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር፣ ደመና መሥራት እስኪጀምር ድረስ፣ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ስለሚያጣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነፋስ በተራራው ላይ ሽቅብ የገፋው አየር ከጎረቤቱ ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስበት ወደ ታች ይመልሰዋል። ሲወርድ ግን ቦታው ላይ መቆም አይችልም፤ አልፎ ይሄዳል፤ አሁን ደግሞ ከአካባቢው ቀልሎ ተመልሶ ይወጣል። ምልልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስና አንዱ ምልልስ 10 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ስሙ ግር እንዳያሰኛችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለካ የተባለው፣ አንስታይን የተነበየውና ከጥቁር ጉድጓዶች ግጭት የመጣው ሞገድ ሌላ ነው። የእኛው ሞገድ የአየር ነው፤ የስበት ሞገድ የሚባለውም መላሹ ስበት ስለሆነ ነው።

ይህን ሞገድ ለማየት ማለዳ የጎጆ ጭስ መመልከት ይበቃል። ጭሱ ጥቂት ወጥቶ ይተኛል፤ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነገሩ ይገለበጣል። ከታች የሞቀው አየር ቀልሎ ሽቅብ ይገፋል፤ የሚመልሰው የለም። ጭሱ ይጠማዘዛል፣ ይበጣጠሳል፣ ይጠፋል። አብራሪዎች ተርቡለንስ የሚሉት ነውጥ ይህ ነው። ትልቁ የአየር ሽክርክሪት ትናንሾችን ይወልዳል፤ እነዚያም የባሰ ትናንሽ የሆኑትን፤ ጉልበቱ እንዲህ እየተከፋፈለ ወርዶ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 የዚህን ክፍፍል ሕግ በቀመር አስቀምጧል። በጓሮው የእንሰት ቅጠል ዳርና ዳሩ ተተልትሎ ካያችሁ፣ ትላንት ያለፈውን ነውጥ ቅጠሉ መዝግቦታል።

ችግሩ፣ አንድ ቦታ ላይ የተተከለ የነፋስ መለኪያ ሁለቱንም መዋዠቅ ብቻ አድርጎ መጻፉ ነው። መለያው ከነፋሱ ጋር ሙቀትን አብሮ መለካት ነው። በሞገድ ውስጥ አየሩ እጅግ የሚቀዘቅዘው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ግን ሽቅብ መውጣቱን አቁሟል። ስለዚህ የወጣውና የወረደው ሙቀት ሲደመር ውጤቱ ባዶ ነው። በቀን ነውጥ ግን የሚወጣው ሞቃት፣ የሚወርደው ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት ከመሬት ተነስቶ በእርግጥ ወደ ላይ ይሄዳል። ሞገድ ጉልበት ያሻግራል እንጂ አየሩን አያደባልቅም፤ ነውጥ ያደባልቃል።

ሆኖም ሁለቱ ባዕድ አይደሉም። የአባያ ሞገድ ዳርቻው ላይ እንደሚሰበር ሁሉ የአየር ሞገድም ይሰበራል፤ ሲሰበር ነውጥ ይሆናል። ይህን ለመገመት የሚያገለግለው እንግሊዛዊው የሜትሮሎጂ ሊቅ ሪቻርድሰን ያቀረበውና በስሙ የሚጠራው መለኪያ ነው፤ በአንድ ወገን የአየሩ መረጋጋት፣ በሌላው ወገን ነፋሱ ከከፍታ ጋር የሚለዋወጥበት ፍጥነት ይመዘናሉ። ውጤቱ ከ0.25 በታች ከወረደ ሞገዱ መሰበር ይችላል። ወደ ላይ የተጓዘው ሞገድም አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እየገዘፈ ይመጣል፤ ብዙው ከምድር 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲደርስ ተሰብሮ የዚያን ከፍታ ነፋስ ይገታል።

ጉዳዩ ለአብራሪ ብቻ አይደለም። እንደ አዳማና አሸጎዳ ባሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ነውጥ የተርባይኑን ክንፍ ያደክማል። በቤታችን ደግሞ ማለዳ የተኛው ጭስ ሰፈሩን ሳይለቅ የሚቆየው የሚያደባልቀው ነውጥ ገና ስላልነቃ ነው።

ነገ በማለዳ ዳሞታ ግርጌ የተኛ ጭስ ብታዩ ሰዓታችሁን ያዙ። ከፍ ብሎ ዝቅ እስኪል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ቁጠሩ። ፀሐይዋ በርትታ ጭሱ መበጣጠስ ሲጀምር ቆጠራው ያከትማል፤ አየሩ መመለሻውን የረሳው ያኔ ነው።