አድራሻው ስለተሳሳተ ዕቃና ስለ ኪሣራው

በአሁኑ ዘመን የነፋስ መውጫም ሆነ የመካነ ኢየሱስ ነጋዴ ዕቃ ለማዘዝ እስከ መርካቶ መውረድ ግዴታው አይደለም። የሚፈልገውን ዕቃ ሥዕል በቴሌግራም ተመልክቶ፣ ዋጋውን በባንክ ወይም በቴሌብር ልኮ፣ አድራሻውን ጽፎ ይጠብቃል። ይህ የንግድ አካሄድ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ከተሞች ያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ የመንገድ ወጪ ቀንሷል፤ ሱቅ ዘግቶ መሰንበትም ቀርቷል። ነገር ግን ከጥቅሙ ጋራ አብሮ የመጣ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም ገዢው ራሱ በሰጠው የተሳሳተ አድራሻ ምክንያት ዕቃው ወደ ሌላ አገር ሄዶ የሚቀርበት ጊዜ መኖሩ ነው። በዚያን ጊዜ ሻጩ «እኔ በተጻፈልኝ ልኬአለሁ» ይላል፤ ገዢውም «ገንዘቤ ሄደ፣ ዕቃዬም አልመጣ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ኪሣራውን የሚችለው ማን ነው?

ችግሩ በዚህ አካባቢ የሚበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን ለከተሞች ስም ሲያወጡ ብዙውን ጊዜ በገበያ ቀናቸው ወይም በታቦታቸው ነበርና አንዱ ስም በብዙ ስፍራ ይገኛል። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች፤ በዚያው በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳም አርብ ገበያ አለ። «ሮቢት» ብሎ ለሚጽፍ ሰው የሸዋ ሮቢትም፣ በቆቦ አጠገብ ያለችው ሮቢትም መልስ ይሆኑታል። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስትሆን፣ አዲስ አበባ ያለ ጫኝ ይህን ስም ሲሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚለው በዚሁ ስም የሚጠራው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። «ጋይንት» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ደግሞ ላይ ጋይንት ይሁን ታች ጋይንት አልገለጸም። ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያደርሰው ዋና መንገድ ላይ ያለች ስትሆን አርብ ገበያና የስማዳዋ ወገዳ ከዚያ መንገድ ወጥተው የሚገኙ ናቸው፤ ስለዚህ ልዩነቱ የአንድ ቃል ቢመስልም የሌላ መኪናና የሌላ ጭነት ሒሳብ ነው።

ነገሩ ተራ ክርክር እንዳይመስል ምሳሌ እናንሣ። በስማዳ የእህል ወፍጮ ያለው አንድ ሰው ኩሽኔታ ተሰብሮበት ከአዲስ አበባ አዘዘ እንበል። በትእዛዙ ላይ አገሩን በትክክል በመጻፍ ፈንታ፣ ጫኞች በይበልጥ የሚያውቁት ስም ነው ብሎ «ጋይንት» አለ። ሻጩም ዕቃውን ለነፋስ መውጫ መኪና ሰጠ። በመናኸሪያው የሚቀበል ሰው አልተገኘም፤ ረዳቱ የተጻፈውን ስልክ ቢደውል አልተነሣለትም፤ መኪናው ወደ ወልድያ ቀጠለ፤ ኩሽኔታውም ከመቀመጫ ሥር እንደተኛ አለፈ። የኩሽኔታው ዋጋ ብዙ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ወፍጮው ቆሟል፤ እህል በጀርባቸው አዝለው የመጡ እናቶች ያልተፈጨውን ይዘው ተመልሰዋል፤ ባለ ወፍጮውም የዕለት ገቢውን አጥቷል። የአድራሻ ስሕተት ኪሣራ በዕቃው ዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚታደለው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ደጃፍ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የቀበሌና የቤት ቁጥር ቢለመድም፣ ዕቃ የሚያደርሰው የባጃጅ ነጂ በቁጥር ፈልጎ አያገኝም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮው ፊት ለፊት» ሲሉት ግን ወዲያው ይደርሳል። በሌላው ዓለምም ይኸው ችግር አለ። ሕዝቧ በሰፊ ሜዳ ተበትኖ የሚኖረው ሞንጎሊያ በ2016 እ.ኤ.አ. ምድርን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት ቃላት የሚሰጥ የአድራሻ ዘዴ በፖስታ ቤቷ ሥራ ላይ አውላለች። ዘዴው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ ቃላት አንዱ ተሳስቶ ከተጻፈ ዕቃው ሌላ ስፍራ መሄዱ አይቀርም። የሚጽፈው ሰው ነውና ስሕተትን ጨርሶ የሚያስቀር ዘዴ የለም።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ የንግድ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ስለዚህ ገዢው በስልኩ የጻፈው አድራሻ የክርክር ማስረጃ ስለሚሆን ሻጭም ገዢም ሳይሰርዙ ሊያኖሩት ይገባል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ድካም ወይም ሀብት የበለጸገ ሰው ለባለቤቱ መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚህ የምንረዳው ዕቃው ተመልሶ የደረሰው ሻጭ ዋጋውንም ዕቃውንም ይዞ ሊቀር እንደማይችል ነው። በስሕተት ዕቃው የደረሰው ሦስተኛ ሰውም «ሲሳይ ነው» ብሎ ሊያስቀረው መብት የለውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ስምምነት በ14ኛው አንቀጽ፣ ስሕተቱን የሚያርምበት ዕድል በማይሰጥ አውቶማቲክ መሣሪያ ላይ ተሳስቶ የጻፈ ሰው ፈጥኖ ካስታወቀና ከዕቃው ጥቅም ካላገኘ የተሳሳተበትን ክፍል መልሶ መሳብ እንደሚችል ይናገራል። ሐሳቡ ቀና ነው፤ የማረም ዕድል ያልሰጠ ሻጭ ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ላይ መጫን አይችልም ማለት ነውና።

በእኛ አስተያየት ስሕተቱ የገዢው እስከሆነ ድረስ የመመለሻውንና የዳግም መላኪያውን የጭነት ዋጋ መክፈል ያለበት ገዢው ነው፤ ሻጩም የዕቃውን ዋጋ መቅጫ ማድረግ የለበትም። ነገር ግን «ጋይንት» ብቻ የሚል ትእዛዝ ተቀብሎ «የትኛው ጋይንት?» ሳይል የላከ ሻጭ ከጭነቱ ዋጋ ድርሻውን ቢወስድ ተገቢ ነው። ሁለት ብር የማይፈጅ የስልክ ጥያቄ ስለ ቀረ የሁለት መኪና ጭነት ይከፈላል። ጠንቃቃ ሻጭ ዕቃውን ከማስጫኑ በፊት ወረዳውን፣ ከተማውን፣ የታወቀ ምልክት ያለበትን ስፍራና የተቀባዩን ስም እስከ አያት ድረስ መልሶ ያነብባል፤ በአንድ ከተማ የራሱም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ብዙ ሰው አለና። የስልኩንም ቁጥር አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ09 ብቻ ሳይሆን በ07 የሚጀምርም ቁጥር ስላለ፣ በልማድ 09 ብሎ የጻፈ እጅ የማይታወቅ ሰው ስልክ ያስጠራል። ሁለተኛ የቅርብ ሰው ስልክ መቀበልም ይገባል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ትእዛዙን በቴሌግራም ብቻ የያዘ ነጋዴ ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ጠይቆ ለማረም አልቻለም ነበር።

ስሕተቱ የታወቀው ዕቃው ከተጫነ በኋላ ከሆነ ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። «አድራሻዬን ተሳስቻለሁ፤ ወደዚህ አዙርልኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ሁሉ ገዢው አይደለም። የማዞሩ ትእዛዝ ከሻጩ ብቻ ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ ቢተላለፍ፣ ሻጩም ትእዛዙና ገንዘቡ በመጡበት ስልክ መልሶ ደውሎ ቢያረጋግጥ፣ ተቀባዩም መታወቂያውን ቢያሳይ ማጭበርበር ቦታ አያገኝም። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት፣ በፖስታ የተላከ ዕቃ ለትክክለኛው ባለቤት እስኪደርስ ድረስ የላኪው ንብረት እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ አድራሻውን የማስለወጥ ሥልጣንም የላኪው ነው። የአውቶቡስና የአይሱዙ ጭነት በዚያ ስምምነት ባይተዳደርም ልማዱን ቢከተል ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

የመመለሻው ጭነት ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜም አለ። አንድ ሁለት ጫማ ወይም ጥቂት የስልክ መሸፈኛ ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ወገዳ ማመላለስ ለማንም አይበጅም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሻጩ በደረሰበት ከተማ ደንበኛ ካለው፣ በገዢው ፈቃድ ዕቃውን እዚያው ያሸጥና የተገኘውን ዋጋ በገዢው ስም ይይዝለታል፤ ገዢውም የጎደለውን ጨምሮ አዲስ ዕቃ፣ በዚህ ጊዜ ወረዳውን አስቀድሞ ጽፎ፣ ያዝዛል።