ወለዱ አንድ፣ ሒሳቡ ልዩ ልዩ

ወር በገባ ቁጥር ከደመወዙ ጥቂት ብር ለይቶ ለማስቀመጥ የቆረጠ ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። «የትኛው ባንክ ነው የበለጠ ወለድ የሚከፍለው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ዋናው እሱ አይደለም። በአገራችን ባንኮች ለቁጠባ ከምን ያህል በታች እንዳይከፍሉ የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ይህም ወለል ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ እንዲል ሲታዘዝ፣ ብዙዎቹ ባንኮች ለተራው የቁጠባ ሒሳብ እዚያው ወለሉ ላይ ቆሙ። ከዚያ በላይ እንከፍላለን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ለልዩ ሒሳቦች ነው፤ ልዩነቱም ቢሆን ግማሽ ወይም አንድ በመቶ ያህል ነው።

ለመሆኑ ይህች አንድ በመቶ ምን ያህል ናት? ወረቀትና እርሳስ ይዘን እናስላት። አንድ ጀማሪ ጸሐፊ በየወሩ መጀመሪያ 500 ብር ቢያስቀምጥ በዓመቱ 6,000 ብር ያጠራቅማል። ነገር ግን የመጀመሪያው 500 ብር ዐሥራ ሁለት ወር ሲቀመጥ የመጨረሻው አንድ ወር ብቻ ስለሚቀመጥ፣ የሚያገኘው የ6,000 ብር ሙሉ ወለድ አይደለም። ወለዱ 7 በመቶ ሲሆን 227 ብር ከ50 ሳንቲም፣ 8 በመቶ ሲሆን ደግሞ 260 ብር ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር እንዲከፈል ደንግጓልና በዚያ ልክ ሲቀነስ የመጀመሪያው ወደ 216 ብር፣ ሁለተኛው 247 ብር ይሆናል። የዓመቱ ልዩነት 31 ብር ሆነ ማለት ነው። ከመንገድ ዳር ጀበና አንድ ስኒ ቡና ቢገኝበት ነው። ለዚህ ሲሉ ከሠፈራቸው ቅርንጫፍ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ የሚሄዱ ሰዎች የታክሲውን ሒሳብ አላሰቡትም።

ወለዱ አንድ ሆኖ ሳለ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ወለዱ የሚታሰብበት መንገድ ነው። እኛ መምህራን በትምህርት ቤት ወለድ ስናስተምር ዋናውን ገንዘብ በመቶኛውና በዘመኑ አባዝተን እንጨርሳለን። ይህን የምናደርገው ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ተቀምጧል ብለን ስለምንነሣ ነው። የደመወዝተኛ ገንዘብ ግን እንዲህ ያለ ጨዋ አይደለም። ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይወጣል። በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንደኛው በየቀኑ ማታ በሒሳቡ ላይ ያደረውን ገንዘብ እየያዙ ማሰብ ነው፤ ሌላው ደግሞ በወሩ ውስጥ ሒሳቡ እጅግ ዝቅ ብሎ የታየበትን መጠን ወስዶ ወሩን ሙሉ ያ ብቻ እንደ ነበረ አድርጎ ማሰብ ነው።

ለምሳሌ ያህል 9,000 ብር ደመወዝ በቁጠባ ሒሳቡ የሚገባለት አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። ገንዘቡን በየቀኑ በእኩል እያወጣ ወሩ ሲያልቅ 300 ብር ይቀረዋል እንበል። በዕለታዊው ዘዴ የሚታሰብለት በአማካይ 4,650 ብር ስለሆነ በዓመት 325 ብር ከ50 ሳንቲም ወለድ ያገኛል። በዝቅተኛው መጠን ዘዴ ግን የሚታሰብለት 300 ብር ብቻ ነውና የዓመቱ ወለድ 21 ብር ይሆናል። ሁለቱም መስኮት ላይ የተለጠፈው «7 በመቶ» ነው! ልዩነቱ ግን ቅድም ካየናት ከአንዲቱ በመቶ ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ሒሳብ የሚከፍት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ መጠን? ከሒሳቤስ የሚደመረው በየስንት ጊዜው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ባለመስኮቱ ወዲያው መመለስ ካልቻለ ኀላፊውን ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአገልግሎት ዋጋ ነው። ባንኩ ለካርዱ፣ በስልክ ለሚልከው መልእክት፣ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ለሚወጣ ገንዘብ፣ የሒሳብ መግለጫ አትሞ ለመስጠት፣ ለጠፋ ደብተር ምትክ ሊያስከፍል ይችላል። እያንዳንዱ ሲታይ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በወር 5 ብር ብቻ የሚቆረጥበት ሒሳብ በዓመት 60 ብር ያጣል፤ ይህም 8 በመቶ ከሚያመጣለት የ31 ብር ብልጫ እጥፍ ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ብዙ ለሆነ ነጋዴ 60 ብር ምንም አይደለም። ቋሚ ክፍያ የሚከብደው ሁልጊዜ ትንሽ ባለው ሰው ላይ ነው፤ በዚህ ረገድ የትንሽ ቆጣቢ ሒሳብ ከባለጠጋው ሒሳብ የበለጠ መመርመር አለበት።

አሁን ወደ ልዩ ሒሳቦች እንምጣ፤ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለተማሪዎች፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተባሉትን ማለት ነው። ወለዳቸው ከፍ ያለ በሆነ ቁጥር ደንባቸውም ጠበቅ ያለ ነው። አንዳንዱ በወር ከተወሰነ ጊዜ በላይ ገንዘብ ማውጣትን ይከለክላል፤ አንዳንዱ ከተወሰነ ብር በታች ከወረደ ወደ ተራው ወለድ ይመለሳል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ተማሪ በስሙ ሒሳብ ሊኖረው ይችላል፤ የሚከፍትለትና የሚያንቀሳቅስለት ግን ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ነው። የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭም የተሻለ ወለድ ያመጣል፤ ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ ያወጣ ሰው የተስማማበትን ብልጫ ያጣል። የቤት ኪራዩን እዚያ ውስጥ የሚከት ሰው ሊኖር አይገባም።

ወለድ መቀበል ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት አንባቢም አልተረሳም። ከወለድ ነፃ ከሆኑት ሒሳቦች ወዲዓህ የሚባለው ገንዘቡ በአደራ የሚቀመጥበት ነው፤ ሙዳራባ በሚባለው ደግሞ አስቀማጩና ባንኩ ከሥራው ትርፍ አስቀድመው በተስማሙት ድርሻ ይካፈላሉ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የቆመ ነው።

ደንብን አጥርቶ ማወቅ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የጋራ መኖሪያ ቤት ቆጣቢዎች ታሪክ ይነግረናል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለ20/80 እና ለ40/60 ቤቶች ሲመዘገብ፣ ተመዝጋቢው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ከፍቶ በ20/80 የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ፣ በ40/60 ደግሞ 40 በመቶ እንዲቆጥብ፣ የቀረው በባንክ ብድር እንዲሸፈን ነበር። እዚህ ላይ ወለዱ ማንንም አላሳሰበም፤ ሰው ሁሉ ይቆጥብ የነበረው ለዕጣ ብቁ ለመሆን ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ40/60 ዕጣ ሲወጣ ግን፣ የቤቱን ሙሉ ዋጋ ቀድመው የቆጠቡ ሰዎች «ቅድሚያ የእኛ ነበር» ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣም የሚፈለገውን ያህል ያልቆጠቡ ሰዎች ስም ተጨምሮበት ስለ ተገኘ ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዓመታት ሙሉ ከጉሮሮው ቀንሶ የቆጠበ ሰው እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፋቸው መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ላለ ቁጠባ የተፈረመውን ውልና የተከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ አጥብቆ መያዝ ከወለዱ ይልቅ ይጠቅማል።

በመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ እሱንም ማየት ይገባል። በአገራችን የዚህ ዓይነቱን ማኅበር ፈር የቀደዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ማኅበሩ አባል የሚያደርገው የራሱን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ገንዘቡም ደመወዝ ከእጅ ሳይገባ ስለሚቆረጥ ቡና ቤት አይደርስም። ትልቁ ጥቅሙ ከወለዱ ይልቅ ብድሩ ነው፤ ባንክ መያዣ አምጣ የሚለውን ጀማሪ ሠራተኛ ማኅበሩ በቁጠባው ልክና በጓደኞቹ ዋስትና ያበድረዋል። በአንጻሩ የግዴታ ቁጠባውን አባልነቱን ሳይተው ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። እቁብም ያው መልካም ነው፤ ወለድ ግን የለውም፤ ዕጣው መጨረሻ የደረሰው ሰው በተዘዋዋሪ ለፊተኞቹ ያለ ወለድ ያበደረ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ገበያው አለ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ለዓመት ያስቀመጠ ሰው ከነወለዱ ግብሩ ተቀንሶ 1,066 ብር ከ50 ሳንቲም ሲያገኝ፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ1,300 ብር በላይ ሆኖ ቆየው። እንዲህ ባለ ጊዜ 7 ይሁን 8 ብሎ መከራከር ጎርፍ በገባበት ቤት ውስጥ ጣራው ያንጠባጥባል ብሎ መጨነቅን ይመስላል። ቢሆንም የቁጠባ ሒሳብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለሕመም፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ድንገት ለሚመጣ ሐዘን የሚሆን የሦስትና የአራት ወር ወጪ ከፍራሽ ሥር ይልቅ እዚያ ቢቀመጥ ይሻላል። ለዐሥር ዓመት የታሰበ ገንዘብ ሁሉ ግን በተራ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ሊያረጅ አይገባውም።

ባንኩ ቢወድቅስ? ብሎ ለሚሰጋ ሰው፣ በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ለባንኮችና ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት አስቀማጮች የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ሽፋኑም ላንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር እንዲሆን ተወስኗል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ከ100,000 ብር በላይ ያለው ሰው ገንዘቡን በሁለት ባንክ ቢከፋፍለው ያዋጣዋል፤ በወር 500 ብር ለሚያስቀምጠው ለዚያ ጸሐፊያችን ግን ይህ ጭንቀት ሊደርስበት ገና ከዐሥር ዓመት በላይ ይቀረዋል።